እንከን ፈላጊ

ሥራዬ ማየት ነው።
ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ከመስተዋት ጠረጴዛዬ ሥር አምፖሉ ሲነቃ
አቡጀዲው ይፈሳል፣ ይፈሳል፣ ሳያባራ፤
የተዘለለ ድር፣ የቅባት ጠብታ፣ ቋጠሮ በተራ
ከዓይኔ አያመልጥም፤ በቀይ ጠመኔ እከብበዋለሁ።
"ሉባባ የዝንብ ጥላ ትይዛለች" ሲሉኝ፣ ኮርቼ ስቄያለሁ።

ነስሩን ስወልድ ጎረቤቱ እልል ብሎ፣ መርቆ፣
"ዓይንሽን በዓይንሽ አየሽ" አለኝ።
አየሁ።
አየሁ ብዬ ዘጠኝ ዓመት ሳላይ ቆየሁ።

ሐኪሙ አንድ ቃል ሰጠን፦ "አእምሮው ይዘገያል።"
ተሸክመን ገባን። ቃሉ እንደ ቁምሳጥን
መስኮታችን ፊት ቆመ፣
ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ሌላው ሁሉ ጨለመ።

ደረጃ አፋፍ ተገትሮ አልወርድም ሲል፣ ያው፣ እሱ ነው አልን።
ሥዕል አፍንጫው ላይ ለጥፎ ሲያሸት፣ እሱ ነው አልን።
ኳሱ ደረቱን መትቶት ካለፈ በኋላ እጁን ሲዘረጋ፣
አባቱ ይመር ሳይጠራው ካለፈ፣ እንደ ባዳ ሲተወው፣
ዓይኑን በቡጢው እየደቆሰ ሌሊቱ ሲነጋ፣
እሱ ነው አልን።

እልኸኛ ነው ተባለ፤ ሰነፍ ነው ተባለ፤
ዓይን በልቶታል ተባለ፣
ክታብ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ።
አንድ ቀን ሻይ ደፋ። ብርጭቆው እፊቱ ነበረ፣ እፊቱ!
መታሁት።
ይህን ይመር እንኳ አያውቅም።
የጣቴ ሰንበር ጉንጩ ላይ እስከ ማታ አልጠፋም።

መምህርት ትብለጥ ናት፣ ልዩ ክፍሉን የምታስተምር፣
"ዓይኑን አሳይተሽው ታውቂያለሽ?" ያለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።
"ፊደል አይለይ፣ አይናገር፣ ምን ብሎ ይመረመራል?"
"ፊደል ማን ጠየቀው" አለች። "ያየውን በጣቱ ያሳያል።"

ሐረጎ ላይ ጉም ወረደ።
ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ ዳገቱን እየዳበሰ፣
ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ገደሉን ለሾፌሩ እየለየ፣
ተሳፋሪው በየአምላኩ ስም እየማለደ፣ እየፀለየ፤
ነስሩ ብቻ አልፈራም። መስተዋቱን ተደግፎ ይስቃል።
ያን ጊዜ ነው ጀርባዬን የቀዘቀዘኝ፦
ልጄ ይህን አገር ያውቀዋል።

ደሴ። ፈንታው የሚባል ወጣት፣ ወለል ላይ እግሩን አጥፎ፣
አራት ሥዕል ያለው ካርድ ጭኑ ላይ አኖረለት፦
ቤት፣ ፖም፣ ክብ፣ ሳጥን።
የእነሱኑ መንታ ይዞ ተነሳ፣ ወደ ኋላ ተራመደ።
አንድ እርምጃ፤ የነስሩ ጣት ቤቱን አገኘች።
ሁለት፤ ፖሙን አገኘች።
ሦስተኛው ላይ ካርዱን ትታ አየር ላይ ቀረች።

"ሲቀነስ ሰባት" አለኝ፣ መስተዋቶቹን እየቀያየረ።
"እንደ እሱ ባሉ ልጆች ላይ ብዙ ይታያል፤
ማንም ግን አያየውም።"
ይህን ሲል ቀና አላለም። አልወቀሰኝም።
ቢወቅሰኝ ይሻል ነበረ።

መነጽሩ ወፍራም ነው፣ ከኋላ በላስቲክ ይታሰራል።
በመጀመሪያው ቀን ወረወረው። በሁለተኛው ረገጠው፣
ይመር በሽቦ ጠገነው።
ደረጃውንማ አሁን ጭራሽ ፈራው፣ ጥልቀቱን አይቶ።
ፊደሉም "ሀ" ላይ ነው፤ እዚያው ይቀር ይሆናል፣ እንጃ።

ትናንት ንጋት ከፈረቃ ገባሁ፣ ብናኝ ጥጥ ለብሼ።
ነስሩ መጣ። ቆመ። አንገቱን ሳያጣምም
ቀጥ ብሎ አየኝ፤
እጁን ሰደደና
ከነጩ ሻሼ ላይ አንዲት ነጭ ክር አነሳ፣
ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን ገላበጣት፣
አምጥቶ መዳፌ ላይ አኖራት።
ደግሞ ተመለሰ፣ ሌላ ፍለጋ።

ብዙ አለብኝ።
ቆምኩለት፣ እንደ አቡጀዲ ተዘርግቼ።